ሰው ያበራው እንዲመስል

ውድ ልጄ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ከመጻፌ በፊት ብዕሬን ሦስት ጊዜ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። በመጨረሻ የጻፍሁት የደብዳቤ ወግ ስለሚያዝዝ አይደለም፤ እውነት ስለ ሆነ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እውነት ያልሆነ አንድም ቃል እንዳይገባ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ በመካከላችን የጠፋው እርሱ ነውና።

የምጽፍልሽ ከእናትሽ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። አረንጓዴ ቆብ ያለው መብራቷ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ጠፍቷል። ዛሬ ስድስተኛ ምሽቱ ነው። ለምን እንደ ጠፋ አታውቂም፤ መጥፋቱንም አታውቂም። ቅሬታዬ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መብራቱን የሠራሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? እናትሽን ከቀበርን ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። አንቺም የባልሽን ሥራ ተከትለሽ ወደዚያ ሩቅ ከተማ ልትሄጂ ሻንጣሽን አሰናድተሻል። እኔና አንቺ በስልክ መነጋገር አንችልበትም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። «ደህና ነህ?» ትያለሽ፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ከዚያ አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ እያዳመጥን ቆይተን፣ «በል እሺ»፣ «በይ እሺ» ተባብለን እንዘጋለን። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ጨዋታውን የምታስቀጥለው እናትሽ ነበረች። እርሷ ስትሄድ የሚቀበለኝ ጠፋ።

እናም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ከቦርሳሽ አውጥተሽ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽ። መነጽሬን አድርጌ አገላብጬ አየኋት።

«ይቺ ናት ኮምፒውተር የምትባለው? መስታወቷ የት አለ? መጻፊያዋስ?»

«አያስፈልጋትም አባዬ። ትእዛዟን አንዴ ከነገርኳት ይበቃታል።»

«እንደ ጥሩ ተማሪ በያት።»

«ካንተ ተማሪዎችማ ትሻላለች፤ አትኮርጅም፣ አታንቀላፋም።»

ሳቅሁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

መብራቱን ከመንካትሽ በፊት ነገሩ እንዲገባኝ ብለሽ፣ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ቀይ አምፖል በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘሽ። በመካከልም ሬዚስተር የምትባል ባለ ቀለበት ትንሽ ነገር አስገባሽ። «ይቺስ ለምንድን ናት?» ብል፣ «ኤሌክትሪኩን መጥና እንድታሳልፍ ነው፤ እሷ ከሌለች አምፖሏ አንዴ ቦግ ብላ ትቃጠላለች» አልሽኝ። «ሰውም ልጓም ከሌለው እንደዚያው ነው» አልሁ። ዓይንሽን ወደ ጣሪያው አንሥተሽ «ተጀመረ!» አልሽ።

ከዚያ ሬሌ የሚሉትን ማብሪያና ማጥፊያ ከእናትሽ መብራት ገመድ ጋር አያያዝሽ። ስልክሽን ነካ ስታደርጊ ሬሌው ቀጭ ይላል፤ መብራቱ ይበራል። የትም አገር ሆኜ ብነካው ይበራል አልሽኝ።

«ታዲያ የምታበራው ይቺ ትንሿ ናት?»

«አይደለችም። እሷ ለሬሌው ትነግረዋለች፤ ሬሌው ያበራል።»

«ለእሷስ ማን ይነግራታል? አዛዡ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ አባዬ! እኔ ካልነካሁ አይበራም። ሲበራ እጄ ነው ብለህ ቁጠረው።»

እጄ ነው ብለህ ቁጠረው። ይህ ቃል የራስሽ ነው፤ አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁበትም።

በመብራቱ ግርጌ ለእኔ አንዲት ነጭ ቁልፍ ተከልሽልኝ። ውላችንም ይህ ነበር፦ በየምሽቱ ከሥራ ገብተሽ አረፍ ስትዪ ታበሪያለሽ፤ «ደህና ነኝ፤ አስቤሃለሁ» ማለት ነው። እኔም ቁልፏን እጫናለሁ፤ መብራቱ ይጠፋል፣ አንቺ ዘንድ ስልክሽ ይደውላል፤ «እኔም ደህና ነኝ» ማለት ነው።

«ሳልመልስ የቀረሁ እንደ ሆነስ?» ብዬ ጠየቅሁሽ።

«አንድ ቀን ካልመለስክ እደውልልሃለሁ። ሁለት ቀን ካልመለስክ ለሽቦ እደውላለሁ። በሦስተኛው ቀን ራሴ መጥቼ በሩን እሰብራለሁ!»

ጎረቤታችን ሽቦ፣ ከራዲዮ ጥገናው ብዛት የእናት የአባቱ ስም የጠፋበት ያ ደግ ሰው፣ ሽቦ ሲገናኝ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውምና ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። «እመቤቴ፣ በሩ ምን አደረገሽ? ትርፉ ቁልፍ እኔጋ አለ» አለሽ። ሦስታችንም ሳቅን።

በመጨረሻ የጻፍሽላትን ትእዛዝ ሽቦ ባመጣው ቴሌቪዥን ላይ ገልጠሽ አሳየሽኝ። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ መስመር አጠገብ በአማርኛ ማብራሪያ አስቀምጠሻል። «ማሽኗ ይህንን አታነበውም፤ ለሰው ነው የጻፍኩት። ንባብ ያለ ትርጓሜ ባዶ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ?» አልሽ። በልጅነትሽ አንዱን ስንኝ ሳትፈቺ ወደሚቀጥለው እንዳታልፊ እከለክልሽ ነበር፤ አልቅሰሽብኛል፣ ደብተርም ወርውረሽብኛል። ያ ሁሉ ልፋት በመስታወት ላይ ፍሬ አፍርቶ አየሁ። አባትነቴም መምህርነቴም ያን ዕለት ተካሱ።

ምሽቶቼን እንዴት እንደማሳልፍ ነግሬሽ አላውቅም፤ ዛሬ ልንገርሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል የማነበውን መጽሐፍ እዘጋለሁ። እጄን እታጠባለሁ። ኮቴን እለብሳለሁ፤ አዎን፣ በገዛ ቤቴ ኮት እለብሳለሁ፤ ልጄ ልትመጣ ነውና። ከዚያም በዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሬሌው ቀጭ ሲል ብድግ እላለሁ፤ ለመጣ ሰው መነሣት ግድ ነው። «እንደምን አመሸሽ» ብዬ ቁልፏን እጫናለሁ። አንዳንድ ቀን ገና ከተኩሉ ሦስት ደቂቃ ሳያልፍ ይበራል፤ «ዛሬ መንገዱ ቀንቷታል» ብዬ መንገዱን እመርቃለሁ። አንዳንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ጥቂት ጉዳይ እስኪሆን ይዘገያል፤ «አለቃዋ ይዟት ነው» ብዬ አለቃሽን እቀየመዋለሁ። የማላውቀውን ሰው ስንት ጊዜ ተቀይሜው ይሆን! ሠርግ ተጠርቼ ምግቡ ሳይቀርብ ተነሥቼ መጥቻለሁ። «ሐኪም ቀጥሮዎት ነው?» ሲሉኝ፣ «ልጄ ቀጥራኝ ነው» እላለሁ።

በዚህም አላበቃሁም፤ ተመጻደቅሁበት። ሽቦ፣ እንደምታውቂው፣ አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይኖራል፣ በወር አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። አንድ ቀን ሱቁ ገብቼ፣ «የእኔይቱ ከዚያ ሁሉ ርቀት አንድ ምሽት አላጓደለችም። ልጅ የሚበቅለው እንደ ዘሩት ነው» አልሁት። ደንበኞቹ ይሰማሉ። «እውነትዎን ነው ጋሼ» ብሎ አንገቱን ወደ ፈታው ራዲዮ ደፋ። ይህን አስታውሺልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ወር ከቤተ መጻሕፍቱ ስወጣ ዝናብ ያራሰው ደረጃ አዳለጠኝ። የዳሌ አጥንቴ ተሰነጠቀ፤ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። አዎን፣ ልጄ፤ የምትሰሚው ገና አሁን ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ቤተሰብ አለዎት? ቁጥር ይስጡኝና ልደውል።»

«አያስፈልግም። ልጄ ታውቃለች።»

«ማን ነገራት?»

«መብራቱ።»

ነርሷ ብዕሯን ገታ አድርጋ አየችኝና ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ «ጭንቅላታቸውንም ራጅ እናንሣቸው መሰለኝ» አለች። አነሡኝ። ጭንቅላቴ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ለምን እንድትደውል አልፈቀድሁም? ኩራት ነው ብትዪ አልክድም፤ ነገር ግን የኮራሁት በአንቺ ነበር። ነርስ ደውላልሽ ብትመጪ ተጠርተሽ መጣሽ ማለት ነው። መልሴ ቀርቶብሽ ብትመጪ ግን ቃልሽን ጠብቀሽ መጣሽ ማለት ነው። እኔ ሁለተኛውን ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጢሜን እንዲላጩኝ ለመንሁ፤ ሦስተኛው ቀን ነዋ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቴን ከትራሱ ቀና አደረግሁ።

በአራተኛው ቀን ሽቦ ሊጠይቀኝ መጣ።

«ልጅቷ አልደረሰችም ጋሼ?»

«መንገድ ላይ ትሆናለች። አንተጋ አልደወለችም?»

ስልኩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አየው። «ኧረ አልደወለችም። እኔማ ትናንት አመሻሹ ላይ መብራትዎ በርቶ በመስኮት ሳይ፣ ተሽሏቸው ገቡ ብዬ እየሮጥኩ ሄጄ በሩን ሳንኳኳ ነበር።»

ያን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጄ በባዶ ቤት እየጠራችኝ ነው፤ የሚመልስላት የለም አልሁ። ልብ በዪ፤ በዚያች አልጋ ላይ ያዘንሁት ለራሴ አልነበረም፤ ለአንቺ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ አሟት ይሆናል ብዬ ሠጋሁ። ግን መብራቱ በየምሽቱ እንደሚበራ ሽቦ ይነግረኛል፤ እንግዲያው ደህና ናት። በስምንተኛው ቀን ነገሩን ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እንደ ሰዋስው ጥያቄ ፈታሁት፦ ልጄ ደህና ናት፤ በየምሽቱ ታበራለች፤ መልስ አታገኝም፤ አልደወለችም፤ አልመጣችም። እነዚህ ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። አንዱ ሐሰት መሆን አለበት። የትኛው እንደ ሆነ እስከ መውጫዬ ቀን አላወቅሁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለግሁም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በክራንች ተደግፌ ቤቴ ገባሁ። ኮቴን ለብሼ ተቀመጥሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ሲል ቀጭ አለ፤ በራ። ብድግ አላልሁም፤ ቁልፏንም አልተጫንሁም። ማንም ካልተጫነው እኩለ ሌሊት ላይ ራሱ ይጠፋል፤ እስኪጠፋ ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ የማላውቀው ሰው ቤቴ ገብቶ የተቀመጠ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሽቦን አስጠራሁት።

«የዚህችን ትንሽ ነገር ሆድ ክፈትና የተጻፈውን አሳየኝ።»

«ተበላሸች እንዴ ጋሼ?»

«አልተበላሸችም። የቸገረኝ እሱ ነው።»

ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ አምጥቶ አገናኛት። እንግሊዝኛውን እየዘለልሁ ትርጓሜሽን አነበብሁ። የመጀመሪያዎቹን አውቃቸው ነበር፦ «የእማዬ መብራት እዚህ ጋ ተያይዟል።» «ስነካው ይብራ።» «አባዬ ሲጫን ይጥፋ፤ እኔጋ ይደውል።» ከእነዚያ ወረድ ብሎ የማላውቀው ክፍል ነበረ። ሽቦ ቀድሞኝ አነበበው መሰለኝ፤ መዳፉን መስታወቱ ላይ ጣል አደረገ።

«ጋሼ፣ ይሄ የማሽን ጣጣ ነው። እንተወው።»

«እጅህን አንሣ።»

አነሣ። እንዲህ ይላል፦

«ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ራሱ ያብራ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በየቀኑ የተለያየ ደቂቃ በዕጣ ይምረጥ፤ ሰው ያበራው እንዲመስል። አባዬ ማርፈድ አይወድም።»

ቀኑም ተጽፎበታል፤ የዛሬ አሥራ አራት ወር፤ ከዚያው ከሩቅ ከተማሽ ሆነሽ በኢንተርኔት የላክሽው ነው።

ልጄ፣ መብራቱ በሰዓቱ ራሱ እንዲበራ ማድረግሽ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ሥራ ይበዛል፣ ሰው ይደክማል። ያቺ ዕጣ ግን! ሁልጊዜ በአንድ ደቂቃ ላይ ቢበራ ማሽን መሆኑን በሳምንቱ እደርስበት ነበር። አንቺ ይህን አስቀድመሽ አሰብሽ። ቁጭ ብለሽ መዘግየትሽንም መፍጠንሽንም ፈጠርሽልኝ። የመረቅሁት መንገድ ዕጣ ነበር። የተቀየምሁት አለቃ ዕጣ ነበር። ኮት ለብሼ ብድግ የምልለት ዕጣ ነበር። ያስተማርሁሽንም አልረሳሽም፤ ሐሰቱን ከነትርጓሜው ጻፍሽው።

ከሥሩ ሌላ ትርጓሜ አለ፤ የልጅ ልጄ ከተወለደች በሁለተኛው ሳምንት የገባ። «ደወሉ ይጥፋ፤ ሕፃኗ ትነቃለች። የአባዬ መልሶች ይመዝገቡ፤ በኋላ አነባቸዋለሁ።» መዝገቡን ሽቦ ከፈተው። የተጫንሁባቸው ምሽቶች ከነደቂቃቸው ተደርድረዋል፤ አንድም አልጎደለም። ከታች በኩል የወደቅሁባቸው አሥራ አንድ ቀናትና ቁልፏን ያልነካሁባት የትናንቷ ምሽት ባዷቸውን ቆመዋል። ማንም አላነበባቸውም። ከእኔና ከሽቦ በቀር እስከ ዛሬም ማንም አላነበባቸውም።

ሽቦ ገመዶቹን ይጠቀልል ጀመር። «ምን ትላለህ?» አልሁት።

«ምን ልበል ጋሼ? የኔው ልጅ እንኳ ሳይመጣ ሲቀር አልመጣሁም ይላል። ይቺን እቆጥርለታለሁ።»

ተሳለቀብኝ አልልም፤ ያን ቀን በደንበኞቹ ፊት የነገርሁትን ሊመልስልኝ ሲችል አልመለሰም። ክራንቼን ይዤ ተነሣሁና ይቅርታ ጠየቅሁት። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ባስተማርሁበት ሰፈር፣ በልጄ ምክንያት ይቅርታ ጠየቅሁ። «ኧረ ይቀመጡ፣ ዳሌዎን!» አለኝ።

እውነት እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁና የሚቀጥለውንም አልዘልም። ትእዛዙ ላይ የተጻፈውን ቀን በልቤ ያዝሁት፤ ከዚያም አስታወስሁ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ያበራሽው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እኔም በማለዳ ደውዬ፣ በስልክ መናገር የማይሆንልኝ ሰው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ገሠጽሁሽ። «ቃል ሰዓት አለው። ሰዓቱን ያላከበረ ቃሉን አላከበረም» አልሁሽ። አንቺም «እሺ አባዬ» ብቻ አልሽ። ነፍሰ ጡር እንደ ሆንሽ የነገርሽኝ ከዚያ ከወር በኋላ ነው። ያን ምሽት ምን ሆነሽ እንዳረፈድሽ አልጠየቅሁሽም። ዛሬ ሳስበው፣ ምናልባት ሲያስመልስሽ አምሽተሽ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ግን ስለ ሰዓት አስተማርሁሽ። በፍቅር የሰጠሽኝን ነገር እንደ ዕዳ ተቀበልሁሽ።

ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አምኛለሁ፤ ግን ያንቺን አይሽረውም። «አባዬ፣ አልቻልሁም» ማለት ትችዪ ነበር። እቆጣ ነበር፤ አኮርፍ ነበር፤ ኩርፊያዬ ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው። አንቺ ግን እውነት ነግረሽ ቁጣዬን ከምትችዪ፣ በሐሰት ደስ አሰኝተሽኝ ለመኖር መረጥሽ። ደስ ያሰኘሽው አባትሽን ነው፤ ያታለልሽውም እርሱኑ ነው።

ያንን ክፍል ከሽቦ ጋር ሆነን አጠፋነው። መስመሮቹን እኔ በጣቴ አሳየሁ፣ እርሱ ሰረዘ። የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፦ ስትነኪ ይበራል፤ ስጫን ይጠፋል። ደወልሽንም መልሰነዋል፤ ሕፃኗን የሚያስነሣት ከሆነ ድምፁን ራስሽ ቀንሺው። በግርጌው እኔም አንዲት ትርጓሜ አስጽፌአለሁ፤ ፊደሉን ለመልቀም ሽቦ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። «ይህ መብራት ያለ ሰው እጅ አይበራም። ሰዓትም የለውም» ይላል። ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር መጨመር ከመጀመሪያዋ ይልቅ ከብዶኛል።

ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም፤ ገና አላልሁምና። ነይ ብዬም አላዝዝሽም፤ ዳሌዬ እየዳነ ነው፣ ሽቦም ጠዋት ጠዋት እየመጣ እስከ በሩ ያራምደኛል። ነገር ግን ከጠፋ መብራት ፊት ስድስት ምሽት ስቀመጥ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ያን ቅዳሜ ለእኔ የተከልሽልኝ ቁልፍ መመለሻ ብቻ ነው፤ መጥሪያ አልሰጠሽኝም፤ እኔም ስጪኝ አላልሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮት ለብሼ እስክጠራ ጠበቅሁ እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ቀድሜ «እንደምን ዋልሽ» አላልሁሽም። እነሆ፣ ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያ ጥሪዬ ነው። መራራ ነው፤ ግን እጄ ነው ብለሽ ቁጠሪው።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኮቴ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ዛሬም አልለበስሁትም። ደብዳቤው ደርሶሽ አንብበሽ ስታበቂ ባታበሪው፣ ጨለማው ያንቺ ነው፤ ያንቺ ከሆነ አምነዋለሁ። ብታበሪው ግን፣ በየትኛውም ሰዓት ይሁን፣ ክራንቼ ከእጄ አይርቅም፤ እነሣለሁ።

አባትሽ